የሸክላዎቹ ደርሶ መልስ፦ ከዱሰልዶርፍ ዲትሮይት፣ ከዲትሮይት በርሊን

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚሻሟቸው የጀርመን የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሸክላዎች በታተሙበት ዘመን እምብዛም ፈላጊ አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ በቅናሽ ተሸጡ፣ አንዳንዶቹ ከገበያ ጠፉ፣ የጥቂቶቹ ደራሲዎችም ሥራቸው ባሕር ማዶ የጭፈራ ቤት እንደሚያናውጥ የሰሙት ከዓመታት በኋላ ነው። ሸክላዎቹን ከመረሳት ያዳናቸው ሙዚየም ወይም ቤተ መዛግብት አልነበረም። በኒውዮርክ፣ በቺካጎና በዲትሮይት ሌሊቱን ሲጨፍር የሚያድር ወጣት ነበር። ጀርመን የገዛ ልጆቿን ያወቀቻቸው በሰው አገር ሰዎች በኩል ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሬዲዮ ጣቢያ የተነሳው ድምፅ

ነገሩ የሚነሳው ከጭፈራ ቤት ሳይሆን ከሬዲዮ ጣቢያ ነው። በ1951 በኮሎኝ ከተማ የሚገኘው ሬዲዮ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብቻ የሚውል ስቱዲዮ እንዲቋቋም ተወሰነ። ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች ዋነኛው አቀናባሪው ሄርበርት አይመርት ነበር። ወደ ስቱዲዮው የገቡት ዕቃዎች ለሙዚቃ ተብለው የተሠሩ አልነበሩም፤ የሬዲዮ ቴክኒሻኖች መሣሪያ የሚፈትሹባቸው የድምፅ ማመንጫዎች፣ ማጣሪያዎችና የቴፕ መቅረጫዎች ነበሩ። ሙዚቃው የሚቀናበረው በመቀስ ነው። ድምፁን በቴፕ ይቀርጹታል፣ ቴፑን ይቆርጡታል፣ ቁርጥራጩን መልሰው ይቀጥሉታል። የጥቂት ሰከንድ ሙዚቃ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር።

ወጣቱ ካርልሃይንትስ ሽቶክሃውዘን በ1953 ወደዚህ ስቱዲዮ ገባ። በ1956 ለሕዝብ ባቀረበው ታዋቂ ሥራው የአንድን ልጅ የዝማሬ ድምፅ ከማሽን ከተፈጠረ ድምፅ ጋር አዋሃደ። አድማጩ የተማረ፣ የአዳራሽ ሰው ነበር። ለዳንስ የሚሆን ምት በዚያ ሙዚቃ ውስጥ የለም፤ ድምፅ ከኤሌክትሪክ ብቻ ሊወለድ እንደሚችል ግን አረጋገጠ።

ከጦርነቱ ማግሥት የተወለደው ትውልድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሙዚቃ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ተደቀነበት። የአባቶቹን ዘፈን ናዚዎች አቆሽሸውበታል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሮክ ደግሞ የሰው ነው። ታዲያ የራሱ የሚለው ድምፅ የት አለ? መልሱን አንዳንዶቹ ከኤሌክትሪክ ፈለጉ። በ1968 በኮሎኝ ካን የተባለው ባንድ ሲመሠረት ሁለቱ አባላቱ ሆልገር ቹካይና ኢርሚን ሽሚት የሽቶክሃውዘን ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ በምዕራብ በርሊን ኮንራድ ሽኒትስለርና ሃንስ ዮአኪም ሮዴሊዩስ ከጓደኞቻቸው ጋር ዞዲያክ የተባለ የሙከራ ቤት ከፈቱ። የቤቱ ዕድሜ አጭር ነበር፤ ሆኖም ታንጀሪን ድሪምንና ክላውስ ሹልትሰን የመሳሰሉ በኋላ የበርሊንን ድምፅ ለዓለም ያሰሙ ሙዚቀኞች በመድረኩ አልፈዋል።

ሁለት ሰዎች ከባቡር ጣቢያው አጠገብ

ዋናው መንገድ ግን በዱሰልዶርፍ ያልፋል። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ሙዚቃ የተማሩ የደኅና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። የሽናይደር አባት የኮሎኝና ቦንን አውሮፕላን ማረፊያ የነደፈ ስመ ጥር አርክቴክት ነው። ልጁ ዋሽንት ይነፋል፤ ሁተር ኦርጋን ይመታል። በ1970 ክራፍትቬርክ በሚል ስም የመጀመሪያውን አልበም አወጡ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ምስል መንገድ ሲዘጋ የሚቆም የትራፊክ ምልክት ብቻ ነው። ከከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ስቱዲዮ ተከራይተው ክሊንግ ክላንግ አሉት፤ ለአሥርተ ዓመታትም ከዚያ ሠሩ።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ያለ ኮኒ ፕላንክ አይሟላም። ፕላንክ የድምፅ መሐንዲስ ነው። በኮሎኝ አካባቢ በሚገኝ መንደር አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ወደ ስቱዲዮነት ለውጦ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከጀርመን የወጣውን አዲስ ድምፅ ሁሉ በእጁ አሳልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክራፍትቬርክ፣ ኖይ፣ ክላስተርና ዳፍ የተባሉት ቡድኖች ሁሉ የእሱን ማዞሪያዎች ቀምሰዋል።

በ1974 መጨረሻ ክራፍትቬርክ ስለ ጀርመን አውራ ጎዳና የሚያወሳ አልበም አወጣ። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ሥራ ከ22 ደቂቃ በላይ ስለሚረዝም የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይሞላዋል። ለሬዲዮ እንዲመች ወደ ሦስት ደቂቃ ያህል ተቆርጦ በ1975 በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 25ኛ ሆነ፤ አልበሙ ደግሞ እስከ 5ኛ ደረጃ ወጣ። በጀርመንኛ የሚዘፍኑ፣ ፀጉራቸውን አሳጥረው ከረባት ያሰሩ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ይህን ማድረጋቸው ብዙዎችን አስገረመ። አብዛኛው የአገራቸው ተቺ ግን ሙዚቃውን እንደ ጨዋታ ነበር የቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ መለወጥ ጀመረ። ቦን ከተማ የሚገኝ ማተንና ቪሸርስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ለክራፍትቬርክ ሲክዌንሰር ሠራለት። ሲክዌንሰር የተሰጠውን የኖታ ረድፍ ሳይታክትና ሳይዛነፍ ደጋግሞ የሚያስጮህ መሣሪያ ነው። በእጅ የሚጫወት ሰው ይደክማል፣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ማሽኑ ግን አሥር ደቂቃም ይሁን አንድ ሰዓት ያንኑ ምት ይጠብቃል። በ1977 ስለ አውሮፓ ባቡር በሠሩት አልበም ላይ የሃዲድ ምት፣ ከዚያም የብረት በብረት መቀጥቀጥ ይሰማል። በ1978 ስለ ሰውና ማሽን፣ በ1981 ስለ ኮምፒውተር ዓለም የሚያወሱ አልበሞች ተከተሉ።

በዚያው በ1977 ሙኒክ ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጠረ። ጣሊያናዊው ጆርጂዮ ሞሮደርና እንግሊዛዊው ፒት ቤሎት ለአሜሪካዊቷ ዶና ሰመር ያዘጋጁት ዘፈን ከሞላ ጎደል ሁሉም ድምፁ ከሙግ ሲንተሳይዘር የወጣ ነበር። የክራፍትቬርክ ሙዚቃ ለጆሮና ለአእምሮ ነበር፤ ይኼኛው በቀጥታ ወደ እግር ወረደ። ጣሊያናዊ፣ እንግሊዛዊና ጥቁር አሜሪካዊት በጀርመን ስቱዲዮ መገናኘታቸው የኋላውን ታሪክ አስቀድሞ ያሳያል፤ ይህ ሙዚቃ ከመነሻውም የአንድ አገር ብቻ አልነበረም።

1981

ዛሬ ሰብሳቢዎች አንድ ዓመት ምረጡ ቢባሉ ብዙዎቹ 1981ን የሚሉ ይመስለኛል። ዕቃው ረክሷል። የጃፓኖቹ ኮርግና ሮላንድ ያወጧቸው ሲንተሳይዘሮችና ድራም ማሽኖች ሀብታም ያልሆነ ወጣት ሊገዛቸው የሚችል ሆነዋል። የእንግሊዝ ፓንክ ደግሞ ሙዚቃ ሳይማሩ መጫወት ነውር እንዳልሆነ አስተምሯል። ፓንኩ ንዴቱን፣ ጃፓን ማሽኑን ሰጡ።

ዳፍ የተባሉት ሮበርት ጎርልና ጋቢ ዴልጋዶ ከዱሰልዶርፍ የተነሱ ናቸው። ዴልጋዶ በስፔን ኮርዶባ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ከፍራንኮ አገዛዝ ወደ ጀርመን የመጣ ነው። ሁለቱ ከፕላንክ ጋር በ1981 የሠሩት አልበም ጊታር የለውም፤ ኪቦርድ እንደ ዜማ መሣሪያ አልተነካም። ያለው ከኮርግ ማሽን የሚወጣ፣ እያጉረመረመ የሚደጋገም የባስ መስመር፣ የጎርል እውነተኛ ከበሮና የዴልጋዶ ላብ የሚያስመታ ጩኸት ብቻ ነው። የአምባገነኖችን ስም ለጭፈራ ትእዛዝ ያዋለው ዘፈናቸው የከረረ ውዝግብ አስነሳ። እነሱ ግን ያሾፉት በታዛዥነት ላይ ነበር።

ቀድሞ በዳፍ ውስጥ የነበረው ክሪስሎ ሃስ በዚያው ዓመት ከቤያተ ባርቴልና ከድምፃዊው ክሪሽና ጓኖ ጋር ሊየዞን ዳንዠሩዝ የሚል ቡድን መሠረተ። ያሳተሙት አንድ አልበም ብቻ ነው። ከእሱ የወጣው፣ ስለ መናፈሻ ልጆች የሚያወሳው በስፓኒሽ የተዘፈነ ሥራ ግን በወፍራም ባሱና በሚናጠው ምቱ ከዘመኑ ቢያንስ አምስት ዓመት ቀድሞ ነበር። ጀርመኖች ስፓኒሹን አልሰሙትም፤ ስፔኖች ጀርመኖቹን አላወቋቸውም። ሸክላው የገዛ አድማጩን የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነው።

የዚያ ዓመት ታላቁ ሥራ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቁጭታ ተሠራ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 በበርሊን ማኑኤል ጎትሺንግ፣ ቀድሞ አሽ ራ ቴምፕል በተባለው ባንድ የሚታወቀው ጊታረኛ፣ ከክላውስ ሹልትሰ ጋር ከሄደበት የሙዚቃ ጉዞ ተመልሶ ስቱዲዮው ውስጥ ተቀመጠ። በማግሥቱ ወደ ሃምቡርግ ሲበር በዎክማን የሚሰማው ነገር ፈልጎ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ሲክዌንሰሮቹን አስነሳ፣ ሁለት ኮርዶች ብቻ እየተፈራረቁ መሄድ ጀመሩ፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ ጊታሩን ጨመረበት። ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋው ሙዚቃ ሳይቆረጥና ሳይታረም በአንድ ጊዜ ተቀረጸ። ስሙን ከቼዝ መክፈቻ እርምጃ ወስዶ ኢ2-ኢ4 አለው።

ቴፑን ከሁለት ዓመት በላይ አስቀመጠው። በ1984 ሹልትሰ በመሠረተው አነስተኛ ማተሚያ ቤት ሲወጣ በአገር ውስጥ ብዙም ትኩረት አላገኘም።

ትኩረት የጠፋበት ምክንያት ነበረው። በ1981 የተነሳው የጀርመንኛ ፖፕ ማዕበል ትላልቆቹን የሸክላ ኩባንያዎች አስጎመጀ። በጀርመንኛ የሚዘፍንና ሲንተሳይዘር የያዘ ሁሉ ውል ይፈርም ጀመር። ቀልደኛ ዘፈኖች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ሰው ሰለቸው፤ እስከ 1984 ማዕበሉ ፈረሰ። ሲፈርስ ፍሬውንም ገለባውንም አብሮ ወሰደ። ዳፍ ከ1982 አልበሙ በኋላ ተበተነ። የጥቃቅን አሳታሚዎች ሸክላ ሲያልቅ ደግሞ የሚያሳትመው አልነበረም።

በአትላንቲክ ማዶ

ሸክላዎቹ ግን ቀድመው ተሳፍረዋል። በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ አፍሪካ ባምባታና ሶልሶኒክ ፎርስ ከአርተር ቤከርና ከጆን ሮቢ ጋር ሆነው የክራፍትቬርክን የባቡር ዜማ ከኮምፒውተሩ አልበም ካገኙት ምት ጋር አጋጠሙት። ከበሮው ከሮላንድ ቲአር-808 ማሽን ወጣ፤ በላዩ ላይ የብሮንክስ ወጣቶች ድምፅ ተጨመረ። ኤሌክትሮ የሚባለው ስልት ከዚህ ሸክላ ተነስቶ ዓለምን አዳረሰ። ዜማው የተወለደው ዱሰልዶርፍ ቢሆንም የእግር አጣጣሉን ያስተማሩት የብሮንክስ ልጆች ናቸው።

በዲትሮይት ደግሞ ራሱን ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ ብሎ የሚጠራ የሬዲዮ ዲጄ ነበር። የነጭ ሙዚቃ፣ የጥቁር ሙዚቃ የሚለውን አጥር አያውቅም፤ በአንድ ሌሊት ፕሪንስን፣ ፓርላመንትን፣ ክራፍትቬርክን እያከታተለ ያሰማ ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቿ አንድ በአንድ በሚዘጉባት ከተማ የሚኖር ጥቁር ወጣት ስለ ማሽን የሚዘፍነውን የጀርመን ቡድን የተረዳበት መንገድ ከዱሰልዶርፍ የተለየ ነው። ለዱሰልዶርፉ ሮቦት የሐሳብ ጨዋታ ነው፤ ለዲትሮይቱ የአባቱን ሥራ የወሰደ ነገር ነው። ሁዋን አትኪንስ ከሪክ ዴቪስ ጋር ሳይቦትሮን በሚል ስም በ1981 የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። ከቤልቪል ትምህርት ቤት የሚያውቃቸው ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን ተከተሉት። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ አንድ ስብስብ የዲትሮይትን ሙዚቃ ቴክኖ ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ።

ቺካጎ ውስጥ ዲጄው ሮን ሃርዲ የሊየዞን ዳንዠሩዝን የስፓኒሽ ዘፈን እያስጮኸ ሰው ያስጨፍር ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ላሪ ሌቫን ፓራዳይስ ጋራጅ በተባለው ጭፈራ ቤት የጎትሺንግን ኢ2-ኢ4 ይጫወት ነበር። ጎትሺንግ ሙዚቃውን የጻፈው ለዳንስ አልነበረም፤ ሰው እንደሚጨፍርበት ሲሰማ መገረሙን ኋላ ተናግሯል። በ1989 ጣሊያኖች ከሥራው ወስደው የሠሩት ዘፈን በአውሮፓ ዲስኮዎች ገነነ፤ በ1994 የዲትሮይቱ ካርል ክሬግ በራሱ መንገድ እንደገና ሠራው። በርሊን ውስጥ በአንድ ምሽት የተቀረጸው ቴፕ ወደ በርሊን የተመለሰው በኒውዮርክ፣ በጣሊያንና በዲትሮይት ዞሮ ነው።

ዳግም ልደት በአውሮፕላን ማረፊያና በሲኒማ ቤት

ፍራንክፈርት የራሷ ታሪክ አላት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድሬያስ ቶማላ፣ በዲጄ ስሙ ታላ ቱ ኤክስ ኤል ሲ፣ በከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ ባለ የሸክላ መደብር ይሠራ ነበር። ክራፍትቬርክን፣ ዴፔሽ ሞድን፣ የቤልጂየሙን ፍሮንት 242 የመሳሰሉትን በአንድ መደርደሪያ ሰብስቦ ቴክኖ የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። ይህ የሆነው የዲትሮይቱ ስብስብ ከመውጣቱ ዓመታት ቀድሞ ነው። በ1984 ቴክኖክለብ የተባለውን ዝግጅት ጀመረ፤ በ1987 ዝግጅቱ ዶሪያን ግሬይ ወደተባለው ጭፈራ ቤት ተዛወረ። ዶሪያን ግሬይ ይገኝ የነበረው በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሕንፃ ሥር ነው፤ የድምፅ መሣሪያውን የሠራው የፓራዳይስ ጋራጁ ባለሙያ ሪቻርድ ሎንግ ነበር። መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ ከእግሩ ሥር ወጣቱ እስከ ቀትር ይጨፍር ነበር።

በምሥራቅ ጀርመን ነገሩ በሲኒማ ገባ። ሃሪ ቤላፎንቴ በአዘጋጅነት የተሳተፈበትና ባምባታ ከጓደኞቹ ጋር የሚታይበት የብሮንክስ ወጣቶች ፊልም፣ ቢት ስትሪት፣ በ1985 በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች እንዲታይ ተፈቀደ። ቤላፎንቴ በምሥራቅ በርሊን የተወደደ ሰው ነው፤ ፊልሙም የካፒታሊዝምን ድህነት ያጋልጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ወጣቶቹ ግን ከፊልሙ የወሰዱት ዳንሱን ነው። በየአደባባዩ ብሬክዳንስ ፈላ። ከዱሰልዶርፍ የተነሳው ምት በብሮንክስ አልፎ፣ በአሜሪካ ፊልም ተጠቅልሎ፣ የበርሊንን ግንብ ተሻግሮ ምሥራቅ ጀርመን ገባ። ከእነዚያ ዳንሰኞች አንዱ፣ ቮለ ኤክስዲፒ በሚል ስም የሚታወቀው የምሥራቅ በርሊን ልጅ፣ ግንቡ ከወደቀ በኋላ ቴክኖዚድ የተባሉትን ታላላቅ የቴክኖ ምሽቶች ያዘጋጀ ሰው ነው።

ምሥጢር ክፍሉ

በ1982 በርሊን ውስጥ አቶናል የተባለውን የሙከራ ሙዚቃ ፌስቲቫል የጀመረው ዲሚትሪ ሄገማን በ1988 ከጓደኞቹ ጋር ኡፎ የተባለ ትንሽ ጭፈራ ቤት ከፈተ። ሐምሌ 1 ቀን 1989 ዶክተር ሞተ የተባለው ዲጄ መቶ ሃምሳ የሚያህል ሰው አስከትሎ በምዕራብ በርሊን ዋና ጎዳና እየጨፈረ ወጣ፤ ላቭ ፓሬድ ብለውታል። ከአራት ወር በኋላ ግንቡ ወደቀ።

ከተማዋ ባለቤታቸው በማይታወቅ ባዶ ሕንፃዎች ተሞላች። ሄገማንና ባልደረቦቹ በላይፕሲገር ጎዳና ከፈረሰው የቬርትሃይም የገበያ አዳራሽ ሥር የብረት መዝጊያ ያለው የገንዘብ ማከማቻ አገኙ። የቬርትሃይም ቤተሰብ ከአይሁድ የሚወለድ ነበርና ናዚዎች ንብረቱን ነጥቀውታል፤ ሕንፃው ራሱ በጦርነቱ ወድሟል። ከምድር ሥር የተረፈው የዛጉ የአደራ ሣጥኖች የተደረደሩበት ክፍል ብቻ ነበር። መጋቢት 1991 ትሬዞር በሚል ስም ተከፈተ፤ ቃሉ ካዝና ማለት ነው።

በዚያ ክፍል የተጫወቱት ዋነኞቹ እንግዶች የዲትሮይት ሰዎች ናቸው። ትሬዞር የራሱን የሸክላ ማተሚያ ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሥራ ጄፍ ሚልስ፣ ማይክ ባንክስና ሮበርት ሁድ የሠሩት ነበር። ማርክ ኤርኔስቱስ በ1989 የከፈተው ሃርድ ዋክስ የተባለ መደብር ደግሞ የዲትሮይትን ሸክላ ለበርሊን አቀረበ። የአዲሱ ዘመን ሰዎች የቀድሞውን ዘመን ያውቁ ነበር። ሞሪትስ ፎን ኦስቫልድና ቶማስ ፌልማን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፓሌ ሻውምቡርግ በተባለው የሃምቡርግ ባንድ ውስጥ አብረው ነበሩ፤ አሁን ከሁዋን አትኪንስ ጋር ተቀምጠው ሸክላ ሠሩ። ፎን ኦስቫልድ ከኤርኔስቱስ ጋር በ1993 ቤሲክ ቻነልን ጀመረ። የተበታተነው ሰንሰለት በእነዚህ ሰዎች እጅ ተጋጠመ።

መስታወቱ በ1999 ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። የዲትሮይቱ ዶፕለርኤፌክት፣ የጀርመንኛ ስምና የሳይንስ ርዕስ የሚመርጠው የጄራልድ ዶናልድ ፕሮጀክት፣ የተሰበሰቡ ሥራዎቹን ያሳተመው በሙኒኩ ዲጄ ሄል ማተሚያ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ድሬክሲያ የተባለው የዲትሮይት ቡድን አልበሙን በትሬዞር አወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን ጀርመንኛ ለብሰው ለጀርመኖች ኤሌክትሮን አስተማሩ።

ቆፋሪዎቹ

ወደ ኋላ መመለስ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ዲጄዎች አንድ ሥራ ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ ጠያቂዎችም አሮጌ ሸክላ መፈለግ ጀመሩ። ፍለጋው በጀርመን የእሁድ የቁሳቁስ ገበያ፣ በተዘጉ መደብሮች መጋዘንና በቀድሞ ሙዚቀኞች ምድር ቤት ይካሄዳል። ሰብሳቢው ሽፋኑን አይቶ አይገዛም፤ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ከመጨረሻው ቦይ በኋላ ባለው ባዶ ሥፍራ የተጫረውን ቁጥር ያነባል። የመጀመሪያ እትም መሆኑን የሚነግረው ያ ቁጥር ነው።

የኖይ ታሪክ የችግሩን ዓይነት ያሳያል። ክላውስ ዲንገርና ሚኻኤል ሮተር በ1972፣ በ1973 እና በ1975 ያሳተሟቸው ሦስት አልበሞች በዓለም ዙሪያ ተጽዕኖ አድርገዋል፤ ሁለቱ መስማማት ስላቃታቸው ግን በሲዲ ዘመን ሕጋዊ እትም አልነበራቸውም። ገበያውን የያዘው የሌባ ቅጂ ነበር። በ2001 ዘፋኙ ሄርበርት ግሮነማየር አስማምቷቸው በራሱ ማተሚያ ቤት አወጣቸው።

ከዚያ ወዲህ በሥራው የተካኑ ቤቶች በዙ። ከ2003 ጀምሮ የፍሪድሪክስሃፈኑ ቪኒል ኦን ዲማንድ በካሴት ብቻ ተሠራጭተው የነበሩ የ1980ዎቹ ሥራዎችን ወደ ሸክላ መለሰ። የሃምቡርጉ ቢሮ ቢ በ2005 ተቋቁሞ የስካይ ማተሚያ ቤትን ክምችት፣ የክላስተርን፣ የሽኒትስለርንና የዱሰልዶርፎቹን የዴር ፕላንን ሥራዎች ለአዲስ አድማጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ቬሮኒካ ቫሲችካ ሚኒማል ዌቭን መሠረተች፤ በመኝታ ቤት በርካሽ ማሽን ተሠርተው በጥቂት ቅጂ የቀሩ የአውሮፓ ሥራዎችን አፈላልጋ አሳተመች። አሁንም ቀድመው የሰሙት ጆሮዎች አሜሪካ ውስጥ ነበሩ።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ባለመብቱን ማግኘት ያስፈልጋል። ከ30 ዓመት በፊት የተዘጋ ኩባንያ ውል ማን እጅ እንዳለ፣ የተበተነ ባንድ አባላት የት እንደሚኖሩ ማጣራት ወራት ይወስዳል። ቀጥሎ ዋናው ቴፕ ይፈለጋል። የዚያ ዘመን አንዳንድ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ስለሚሟሟ ሲጫወቱ ከማሽኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ለሰዓታት ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ባለ ሙቀት ደርቀው ወዲያው ይገለበጣሉ። ቴፑ ከጠፋ ንጹሕ የሆነ ሸክላ ተፈልጎ፣ ቧጨራው አንድ በአንድ ታርሞ አዲስ ቅጂ ይወጣለታል። መጨረሻ ላይ ሙዚቀኛው ስልኩን አንስቶ ከ500 ያልበለጠ ቅጂ የሸጠበትን የወጣትነት ሥራውን የሚፈልግ ሰው እንዳለ ይሰማል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ቀልድ ይመስላቸዋል።

መመለስ የማይፈልግም አለ። ክራፍትቬርክ ከ1974 በፊት ያወጣቸውን ሦስት አልበሞች እስካሁን በይፋ ዳግም አላሳተማቸውም። በ2012 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስምንት አልበሞቹን በስምንት ምሽቶች ሲያቀርብ የጀመረው ከአውራ ጎዳናው ነው። ድምፁንም ይጠብቃል። በ1997 የወጣ የራፕ ዘፈን ከባቡሩ አልበም ሁለት ሰከንድ ያህል ምት በመውሰዱ የተነሳው ክስ በጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትና በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አልፎ ከ20 ዓመት በላይ ዘልቋል። ዜማው ባይወሰድ ኖሮ ኤሌክትሮ እንደማይወለድ ላሰበ ሰው ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ሠርቶ ያልተከፈለውን ሙዚቀኛ ላሰበ ሰውም እንደዚያው።

ሰዎቹ እያለፉ ነው

ቆፋሪዎቹ የሚሽቀዳደሙት ከጊዜ ጋር ነው። ኮኒ ፕላንክ በ1987 በ47 ዓመቱ ሲሞት በስሙ የሚደረግ ዝክር አልነበረም፤ ልጁ ሽቴፋን አባቱን የሚያፈላልግበት ዘጋቢ ፊልም የወጣው በ2017 ነው። ክሪስሎ ሃስ በ2004፣ ክላውስ ዲንገር በ2008፣ ኮንራድ ሽኒትስለር በ2011 አረፉ። በ2020 መጋቢት ላይ ጋቢ ዴልጋዶ፣ በተከታዩ ወር ፍሎሪያን ሽናይደር ሞቱ። ማኑኤል ጎትሺንግ በ2022 ታኅሣሥ ተከተላቸው። ከመሞታቸው በፊት እንደገና የታተሙት ስማቸውን መልሰው ሰምተዋል፣ ገንዘባቸውንም አግኝተዋል። ላልደረሱት ዳግም እትሙ ለወራሽ የሚቀር ወረቀት ነው። ስለዚህ አሮጌ ሸክላ ማሳተም የናፍቆት ንግድ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ያልተከፈለ ዕዳ መክፈልም ነው።

መጋቢት 2024 የጀርመን የዩኔስኮ ኮሚሽንና የባህል ባለሥልጣናት የበርሊንን የቴክኖ ባህል በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈሩ። ውሳኔው ተገቢ ነው። መዝገቡ የሚጠራው ግን በርሊንን ነው። ሸክላዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል የደረደረ ሰው የኮሎኝን ሬዲዮ፣ የዱሰልዶርፍን ስቱዲዮ፣ የፕላንክን የገበሬ ቤትና የፍራንክፈርትን መደርደሪያ ከበርሊን በፊት ያገኛቸዋል፤ በመካከሉ ደግሞ ብሮንክስ፣ ቺካጎና ዲትሮይት አሉ። የጀርመን መንግሥት በ2024 በማኅተም ያጸደቀውን ዋጋ የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች በ1981 በሬዲዮ ሰምተው ዐውቀውታል። ቅርሱን በስሙ ያስመዘገበ አገር ይህን ዕውቅና አብሮ ሊመዘግብላቸው ይገባል።